አናጢው አቶ ሀዳነ ስላልሠሩት ጥፋትና እኔ ስለ ደበቅሁት ሕመም

ለሦስቱ ወንድማማቾች የቅባት እህል ንግድ ማኅበር
ለክቡር አቶ ወልደ ዮሐንስ በላቸው፣ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

አመልካች፦ ወይዘሪት ይመኙሽ ወልደ ገብርኤል፣ የመጋዘን ጸሐፊ

ጉዳዩ፦ በሐሰት ያገኘሁትን የኢንሹራንስ ፈቃድ ስለ መመለስ፣ ያለ ጥፋታቸው የተሰናበቱት አናጢ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለ መጠየቅ፣ እውነተኛ ሕመሜንም ስለ መግለጽ።

ክቡር ሆይ፣

አቤት ባይ ብዙውን ጊዜ በደረሰበት በደል ይጮኻል። እኔ የማመለክተው ያደረስሁትን በደል ነው። ባለፈው ሚያዝያ ወር ፈርሜ ያቀረብሁት የአደጋ ማመልከቻ ሐሰት ነው። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ክቡርነትዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. እኔ አመልካች የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ስሆን በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ፣ በማኅበሩ መጋዘን በጸሐፊነት ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልተጻፈብኝም። ይህን የማነሣው ለመመካት አይደለም፤ በሚያዝያ ወር የተናገርሁት ሁሉ ያለ ጥያቄ የታመነው በዚህ ስሜ ስለ ነበር ነው።

፪. ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሕመሜ ከጡቴ ነው። ይህን ለወንድ አለቃ መጻፍ ለአንዲት የካህን ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመግለጽ ቃል የለኝም። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከዕድሜዬም ከቁመቴም በላይ አደገ። እናቴ ሰው እንዳያይብኝ ብላ ከብብቴ እስከ ወገቤ በመቀነት አጥብቃ ትጠመጥመኝ ነበር፤ እርሷ ካረፈች በኋላ ራሴ እጠመጥማለሁ። በበጋ ፀሐይ ጋቢ የምደርበው፣ በቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ኋላ የምቆመው በዚህ ምክንያት ነው። መቀነቱ እንዳይወርድ በትከሻዬ ላይ የማሳልፈው ማሰሪያ ትከሻዬን ጣት እስኪያስገባ ድረስ ሰርስሮታል። ክረምት ሲገባ ከሥሩ ያለው ቆዳዬ ይቆስላል። አንገቴና ጀርባዬ ቀጥ ማለት እንቢ ካሉ ቆይተዋል፤ በጽሕፈት መኪናው ላይ ስቀመጥ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ስለሚደነዝዙ የምመታው ፊደል አይሰማኝም። ይህን ሁሉ ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር።

፫. ሚያዝያ ፲ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም. ከሳንጃ ሰሊጥ የጫነ መኪና ገብቶ ስለ ነበር መዝገቡን ይዤ ከመጋዘኑ ፎቅ ወረድሁ። ደረጃውን ጨርሼ መሬት ከረገጥሁ በኋላ ጀርባዬን ያዘኝና መዝገቡን ጥዬ ቁጭ አልሁ። ዘበኛው አያ ባዬ ሮጠው መጡና «ምነው? ደረጃው ጣለሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። የሆነው ይኸው ነው። ያን ጊዜ አስቤ የተናገርሁት አልነበረም፤ ጡቴ ከበደኝ ብዬ ከመናገር «አዎ» ማለት ስለ ቀለለኝ ነው።

በማግሥቱ ግን አሰብሁበት። ማኅበሩ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ጋር የገባው ውል በሥራ ላይ የደረሰ አደጋን እንጂ ሌላ ሕመምን እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ ውሉን በሦስት ቅጂ የመታሁት እኔ ነኝና። ወድቄ እንደ ሆነ ታክሜ እድናለሁ፤ ካልወደቅሁ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ጎበጥሁ እኖራለሁ አልሁ። ከዚህ በኋላ ከደረጃው ወደቅሁ ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም።

፬. የኢንሹራንሱ ሰው ደረጃውን ለማየት እንደሚመጣ በተነገረ ዕለት፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ጆንያ በሚጎተትበት መንጠቆ ከአራተኛው ሳንቃ ሁለት ምስማር ነቅዬ ሳንቃውን አዘነበልሁት። ምስማሮቹ ጠንክረው ስለ ተመቱ ብዙ ታገልሁ። መዝገብ መሸከም ያቃተው ጀርባዬ ለዚህ ሥራ አላነሰም።

፭. ደረጃውን የሠሩት የወለቃው አናጢ አቶ ሀዳነ ፈጠነ ናቸው። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ሽማግሌ ሲሆኑ ለማኅበሩ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ የመጋዘኑ በሮችና የእኔ ጠረጴዛም የእጃቸው ሥራ ናቸው። ስለዚሁ ጠረጴዛ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን አጎንብሼ ስጽፍ አይተውኝ ኖሮ፣ ሳልጠይቃቸው በማግሥቱ እንጨት አምጥተው የጠረጴዛውን እግሮች በአራት ጣት ያህል አስረዘሙልኝ። «አሁን አንገትሽ ያርፋል» ብለው ሄዱ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መታመሜን ያየ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ምርመራው በተደረገ ቀን አቶ ሀዳነ ተጠርተው ከደረጃው ሥር ተንበረከኩ። ምስማሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህ ተነቀለ እንጂ አልለቀቀም» አሉ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሠራተኛ «የነሱ እጅ የነካው መቼ ሰው ሳይጎዳ ይቀራል?» አለ፤ ሰዎችም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምስማሩን ደግሞ ያየ የለም። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ውሸቴ የታመነው በደንብ ስለ ዋሸሁ ሳይሆን የተዋሸባቸው ሰው እርሳቸው ስለ ሆኑ እንደ ነበር በዚያች ሰዓት ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልሁ።

አቶ ሀዳነ ግንቦት ፫ ቀን ተሰናበቱ። «በሥራው ቸልተኛ በመሆን በሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ» የሚለውን የስንብት ደብዳቤ ክቡርነትዎ ቢፈርሙበትም የመታሁት እኔ ነኝ።

፮. ነሐሴ ላይ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ለምርመራ ወደ ከተማው ሆስፒታል ላከኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበሩ ነርሷ ወይዘሮ ሽታዬ ታስተረጉም ነበር። መቀነቱን የፈታችው እርሷ ናት። ትከሻዬን ስታይ እጇ ቆመና «ምነው እህቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ሐኪሙ አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች ከዳሰሱና በራጅ ፎቶ ካነሡ በኋላ አጥንቴ ምንም እንዳልሆነ፣ የመውደቅ ምልክትም እንደሌለበት፣ ያጎበጠኝ የጡቴ ክብደት መሆኑን ነገሩኝ። ጡትን በኦፕራሲዮን ማሳነስ እንደሚቻል፣ ይህም በአሥመራ እንደሚሠራ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቼ ከዚያም ወር ተኩል ዕቃ ሳላነሣ መቆየት እንደሚኖርብኝ አስረዱኝ። ወደ ፊት ልጅ ብወልድ ማጥባት ሊያቅተኝ እንደሚችልም አልሸሸጉኝም። ይህን ሁሉ ሰምቼ እሺ አልሁ። ለአሥራ ስድስት ዓመት እንደ ነውር የተሸከምሁት ነገር ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው ስባል አለቀስሁ። ከሆስፒታሉ ወጥቼ መንገድ ላይ ሳለሁ ግን አቶ ሀዳነ ትዝ አሉኝ፤ ቀጥሎ የመጣው ልቅሶ ለራሴ አልነበረም።

ሐኪሙ ለኦፕራሲዮኑ ኅዳር ፲ ቀን ቀጠሮ አስይዘውልኛል። ኩባንያውም በእጄ ያለው የሐኪም ማስረጃ ገና ሳይደርሰው፣ ሕመሙ ከደረጃው በመውደቅ የጀመረ መሆኑን እንደ ገና በፊርማዬ ካረጋገጥሁ ሕክምናውን እንደሚሸፍን ጽፎልኛል። ይህ የፈቃድ ወረቀት ከመስከረም ጀምሮ በእጄ ነው። ብዕር አንሥቼበት አውቃለሁ፤ አልፈረምሁበትም።

፯. ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ጾምና ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ ኃጢአትሽን እኔ ሰምቻለሁ። የሰውዬው ስም ግን እኔ ዘንድ የለም፤ ከወሰድሽበት ቦታ መልሺው» ብለው አሰናበቱኝ።

፰. ስለዚህ ሰንበታቸውን እንዳላውክ ቅዳሜን አሳልፌ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወለቃ ወረድሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ በርጩማ አውጥታ ከደጅ ዛፍ ሥር አኖረችልኝ። አልተቀመጥሁም። ሁሉንም ቆሜ ነገርኋቸው፤ «አዎ» ያልሁትን፣ መንጠቆውን፣ ደብዳቤውንም።

አቶ ሀዳነ «ስንቱን ምስማር ነው የነቀልሽው?» አሉኝ።

«ሁለቱን፣ አያ ሀዳነ።»

«በምን?»

«በጆንያ መንጠቆ።»

«ታግሎሻላ» አሉ። ቀጥለውም «መጀመሪያ ተነቅሏል ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ አይደለም ሲለኝ ግን እኔም እጄን ጠረጠርሁ። ክረምቱን ሙሉ ጠረጠርሁት» አሉኝ።

የቀረውን የነገረችኝ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናት። ከተሰናበቱ በኋላ ወደ ጠዳ ሄደው፣ ለአንድ እህል ነጋዴ ከሁለት ዓመት በፊት የሠሩትን የቆጥ ደረጃ ማንም ሳይጠይቃቸው አፍርሰው እንደ ገና ሠርተውታል። ከዚያ ወዲህ ደረጃም አልጋም ሠርተው አያውቁም። «ሞፈር ይጠርባል፤ የበር መቀርቀሪያ ይሠራል። ሰው የማይወጣበትን፣ የማይተኛበትን ብቻ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ከእግራቸው ሥር ልወድቅ ተንበረከክሁ። እግራቸውን ሰብስበው «ተነሺ፣ ጀርባሽን ያምሻል» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርግማን ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይቅር እንዲሉኝ ስለምናቸው «ይቅር ማለቱን ገና አላወቅሁትም፤ ውሸት አልነግርሽም። ደረጃውን ግን አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

፱. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው እንደሚከተለው ነው።

ሀ) የአቶ ሀዳነ ፈጠነ ስንብት ተሽሮ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ ደረጃውም እንከን እንዳልነበረበት በማኅበሩ ማኅተም ተጽፎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዲነበብ፤ በዚያው ቀን በደረጃው ላይ እንዲወጡ እንዲፈቀድላቸው። አራተኛውን ሳንቃ ሌላ ሰው መልሶ መትቶታል፤ እርሳቸው ሊያፈርሱት ቢፈልጉ አይከልከሉ።

ለ) ከዚህ ጋር አባሪ ያደረግሁት፣ ያልተፈረመበት የኢንሹራንስ ፈቃድ ለኩባንያው ተመላሽ እንዲሆን።

ሐ) በእኔ ላይ የሚገባው ቅጣት እንዲወሰን። ከሥራ መሰናበት ቢሆንም አልከራከርም፤ ደብዳቤውን ግን ሌላ ሰው እንዲመታው እለምናለሁ።

መ) ይህን አራተኛውን ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት ወይዘሮ ሽታዬ «እውነቱን ስትጽፊ ሕመምሽንም አትዋሺው» ስላለችኝ ነው። ሕመሜ አደጋ ባይሆንም ሕመም ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ለወንድ አለቃ መናገር አፍረው የሚያነክሱና ደም የሚፈስሳቸው ሌሎች ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ማኅበሩ ውሉን በሚያድስበት ጊዜ ከአደጋ ሌላ የሐኪም ማስረጃ ያለው ሕመምም እንዲታሰብ ብለምን ለእኔ ባይደርስ ለእነርሱ ይደርሳል። ለእኔ ግን፣ በሥራዬ ላይ እንድቆይ ከተፈረደልኝ፣ ያለ ደመወዝ የሁለት ወር የሕመም ፈቃድ ብቻ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ከእናቴ የወረስሁትን ቤት አከራይቼ፣ ኅዳር ባይሆንልኝ ሌላ ቀጠሮ እጠብቃለሁ። መዳንን ተስፋ ማድረግ ለእኔ ይገባል ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን አላገኘሁም። ጀርባዬ ግን መልስ እስካገኝ አይጠብቀኝም።

፲. ውሳኔው እስኪሰጥ ሳልጠብቅ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲሰበሰብ ከደረጃው ሥር ቆሜ እውነቱን በአፌ ለመናገር አስቤአለሁ። አያ ባዬም ይሰሙኛል፤ በዚያ ቀን የሳቁትም ይሰሙኛል። ይህን ለማድረግ የክቡርነትዎን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ፈቃዱ ባይደርሰኝም ከመናገር እንደማልቀር አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል። እስከ ዛሬ ያለ ፈቃድ ያደረግሁት ክፉ ነገር ይበቃልና።

ክቡርነትዎ ለፍርድዎ እንዲቸኩሉ አላሳስብም፤ የአቶ ሀዳነን ጉዳይ ግን ከእኔ ጉዳይ አስቀድመው እንዲያዩት እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

ከጥፋተኛ ሠራተኛ ሰላምታና አክብሮት ጋር፣

(ፊርማ)
ይመኙሽ ወልደ ገብርኤል

አባሪ፦ ያልተፈረመ የኢንሹራንስ ፈቃድ፣ አንድ ገጽ፤ የሐኪም ማስረጃ፣ ሁለት ገጽ

ግልባጭ፦
ለኢንሹራንስ ኩባንያው የጎንደር ወኪል
ለአቶ ሀዳነ ፈጠነ፣ ወለቃ፤ ራሴ ወስጄ አነብላቸዋለሁ