ሰው ሳይሞት ስለተተከለው ድንኳን

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ አምላኩ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ ኮልፌ ቀራንዮ

ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ትንሽ ደክሞኛል። አንድ ከባድ መርዶ ስላለኝ እባክዎ ቁጭ ብለው ይስሙት፦ አባቴ ጋሽ መሸሻ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ፣ እኔና ጓደኞቼ ራዕይና ቦሩ ባሌ ተራሮች ፓርክ ሄደን አራት ቀን በእግር ልንጓዝ ሁለት ዓመት ስናቅድ ቆየን። የጎደለን ማደሪያ ድንኳን ብቻ ነበር። የእድሩን ከንብረት ያዧ ከወይዘሮ ሙሉወርቅ ለመንን፤ እሳቸውም ሠርግ መስሏቸው ሰጡን። ተራራ ላይ እንዳናፍር ብለን ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ላይ ተከላ ስንለማመድ፣ ድንኳኑን ያየ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። አባቴም ከቀን እንቅልፋቸው የነቁት በራሳቸው ለቅሶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ሰሚ ስላጣሁ፣ ቅሬታዬን እዚህ እቆጥራለሁ።

፩. ድንኳኑ የሚወጣው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው ብለው መልሰው ወስደው ቆልፈውበታል። አውቶቡሳችን ዓርብ ጠዋት ይነሳል። እስከዚያ ከሦስታችን አንዱ እንዲያገባ ወይም እንዲሞት ምርጫ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ራዕይን ጠይቄው ሁለቱንም አልፈልግም ብሏል።

፪. ብረቱ የአራት ሰው ሸክም መሆኑን በስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ስላስረዱን ብዙ ተምረናል። ፈረስ እንደምንከራይ የነገርኩዎትን ሦስት ጊዜ ስለረሱልኝም እንዲሁ።

፫. ከሁሉ ቀድመው እያለቀሱ የገቡት እርስዎ ነበሩ። «ወንድሜ መሼ፣ የሰፈሩ ምሰሶ» ሲሉ አባቴ በመስኮት ሰምተዋል። በቦይ ውሃ ከተጣላችሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሰላም ላላሏቸው ሰው ይህን ያህል ፍቅር ማከማቸትዎ ልባችንን ነክቶታል። አባቴ ብቅ ሲሉ ዕንባዎ የደረቀበት ፍጥነትም እንደዚያው። ድንኳኑ የተቆለፈው ለደንቡ ሳይሆን ለዚያ ዕንባ መሆኑን ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር የማያውቅ የለም።

ለነገሩ ይህን ያህል የሚያጽፍ ጉዳይ አልነበረም። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው አልሞተም፣ ድንኳን ተነቀለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለቢሮዎ ደጅ ካለኝ ታላቅ አክብሮትና ካተረፍኩት የእግር ሕመም ጋር፣
ዮኤል መሸሻ
ያልሞቱት ሰው ልጅ

ማስታወሻ፦ አባቴ ለቅሶዎን በጣም ወደውታል፤ ቅር ያላቸው ሳይጨርሱት መቅረትዎ ብቻ ነው። ድንኳኑ እስከ ሐሙስ ካልተለቀቀልን፣ ወንበራቸውን ይዘው ቀሪውን ለመስማት በርዎ ላይ ይቀመጣሉ።