የባልየው ድምፅ

ይድረስ በስቱዲዮ ባሌ፣ ከስቱዲዮ ውጭ ባልደረባዬ ለነበርከው፦

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚዘጋው ጉሮሮህ እንዴት ሆነልህ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷ እንደሆነ እንኳን ሊደክም ጭራሽ ብሶበታል። ሰላም በይልኝ ብላኛለች።

ድምፅ ቀጂያችን ባለፈው በአንተ ከተማ አልፎ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ሳለ ከላይ በድምፅ ማጉያው፣ ክቡራን መንገደኞች፣ ስትል ሰምቶ ሻንጣው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አጠገቡ የቆሙ ሁለት ሴቶች፣ ይሄ ያ የተከታታዩ ፊልም ባልየው አይደለም እንዴ፣ እየተባባሉ ወደ ላይ ያንጋጥጡ ነበር አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ቀናሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትኬት የቆረጠ ሁሉ እንደልቡ እየሰማህ እኔ አለመስማቴ አንገበገበኝ።

የኛ ነገር እንዳበቃለት ሰምተህ ይሆናል። የቴሌቪዥን ጣቢያችን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። እኔ አሁን የምሠራው ምድር ቤት ሆኜ ደንበኞች የሚመልሱትን ዲኮደር መቀበል ነው። በየወሩ እየከፈሉ ማየት ቀረ፤ ሰው በየስልኩ የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ይከፍታል፣ ጆሮው ላይ ሰክቶ ለብቻው ይስቃል። አልፈርድበትም፣ ይመቻል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን አንተ ባልየውን፣ እኔ ሚስትየዋን ሆነን በቋንቋችን የምናናግረው ያ የውጭ ተከታታይ ሲጀምር ሰፈሩ ጭር የሚለው ነገር ናፈቀኝ። በየቤቱ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚታየው። ወደ ቤቴ ስሄድ ከአንዱ መስኮት የጀመርከውን ንግግር ከሌላው መስኮት ስትጨርሰው እየሰማሁ ነበር የምገባው።

በቀደም አንዲት ሴትዮ ዲኮደሯን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሪሞቱስ ብዬ ብጠይቃት ድምፄን አውቃ ክው አለች። አንቺ ያቺ አይደለሽም እንዴ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ባልሽስ? ስትለኝ ግን፣ ወጣ ብሏል አልኳት። ምን ልበል?

ስቱዲዮዋንም ገብቼ አየኋት። የግድግዳዋን ስፖንጅ ገንጥለው ዕቃ ቤት አድርገዋታል፤ ዲኮደሩ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። አንደኛው ማይክ ተበላሽቶ በቀረው ትከሻ ለትከሻ ገጥመን የሠራንበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ጣትህን በምላስህ አርጥበህ ስትገልጥ፣ ሆድህ ጮኾ ቀረጻውን ሲያበላሽ፣ ቀጂው ከመስታወቱ ወዲያ ሲራገም፣ ሁሉም መጣብኝ። ማይኩ ከተጠገነ በኋላም በአንዱ መቀጠላችንን ልብ ያለ ሰው አለመኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ያቺን የሆስፒታል ትዕይንትስ ታስታውሳለህ? ሚስትየዋ ራሷን ስታ ተኝታለች፤ ባልየው እጇን ይዞ ስሟን መጥራት ነበረበት። አንተ የኔን ስም ጠራህ። ቀጂው እንባውን ሲጠርግ ስም መሳሳትህን ልብ አላለውም፤ እንዳለ ተላለፈ። በማግስቱ የደንበኞች ስልክ ተጨናነቀ። ሰው ሁሉ፣ ባልየው ሌላ ሴት ይዟል እንዴ፣ እያለ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ ሲያፋጥጥህ ደክሞኝ ነው አልክ። እኔም ደክሞት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ከሥራ ስትቀነስም እንደ ማንም ሰው ቻው ብለኸኝ ነው የሄድከው። ይህን ሳስብ አሁንም እበሽቃለሁ።

በል ወደ ጉዳዬ ልግባ። ተከታታዩን ሳንጨርሰው እንዳቋረጡን ታውቃለህ። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች በስልክ ይገኛሉ፣ ግን በባዕድ ቋንቋ ናቸው፤ ትርጉሙም ከሥር በጽሑፍ ነው። እማዬ ደግሞ ማንበብ ካቃታት ቆየች፤ ስትከታተለው የኖረችው በጆሮዋ ነው። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሁሉንም ድምፅ እኔው አወጣሁላት። አማትየዋን ሆንኩ፣ ሐኪሙን ሆንኩ። ባልየው ጋ ስደርስ ድምፄን ወፈር ባደርግ እማዬ በሳቅ ፈረሰች። ስቃ ስትጨርስ፣ ተይው፣ እሱ ይምጣ አለችኝ።

እንዳትጨነቅ ብዬ ፍጻሜውን በአጭሩ ልነግራት ብጀምር ለካ የጎረቤታችን ልጅ ቀድማ ነግራታለች። ፍጻሜውንማ አውቀዋለሁ፣ ባልየው ወደ ሚስቱ ይመለሳል፤ እኔ መስማት የምፈልገው እሱ እንዴት አድርጎ እንደሚለው ነው አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆይቼ ነው የተመለስኩት። ያለችው የራሴንም ምኞት ነበር።

እባክህ ና። ከመናኸሪያው ፈቃድ ያገኘህ ቀን ና፤ እኛ ወዳለንበት ስንት መኪና በየቀኑ እያስነሳህ አንዱ ላይ መሳፈር እንዴት ያቅትሃል? ንግግርህን እንደምትወደው በትልልቁ ጽፌልሃለሁ። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ቃሉ ሁሉ ያንተ ነው፤ ሚስትየዋ በሩን ከመክፈት በቀር ምንም የላትም። እሱን ያለ ልምምድ እችለዋለሁ።

እማዬ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት ብላለች። እኔ ደግሞ ጤናህን ይስጥልኝ፣ ጉሮሮህን ከአቧራው ይሰውርልኝ እላለሁ።

ባልደረባህ