የዶኛ ኤርሜሊንዳ ባራጋን የሕይወት ታሪክ፤ ከጎን ኮርቻ እስከ ረጅሙ መግቢያ

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ባራጋን ኦቾዋ ከአባታቸው ከፈረስ ገሪው ከዶን አቡንዲዮ ባራጋንና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ከዶኛ ቶማሳ ኦቾዋ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1949 በሃሊስኮ ደጋ ላ ኖፓሌራ በምትባል መንደር ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም። መምህርቷ «ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ምን ትሠራለች?» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ወንበር ላይ የሚሠሩትን፤ ልዩነቱ እኔ እሄዳለሁ» ብለው መለሱ። ይቅርታ ጠይቂ ተብለው ወደ ቤት ተላኩ፤ በዚያው ቀሩ።

በዘጠኝ ዓመታቸው አባታቸው ያልተገራ ውርንጭላ ላይ እግራቸውን አንፈራጥጠው ሲጋልቡ ደረሱባቸው። «ወይ በጎን ትቀመጫለሽ፣ ወይ በእግርሽ ትሄጃለሽ!» ብለው የእናታቸውን የጎን ኮርቻ ከጎተራ አወረዱላቸው። ዶኛ ኤርሜሊንዳ አይተው፣ «አባባ፣ ይሄ ኮርቻ ነው የዶሮ ቆጥ?» አሉ። በዚህ ኮርቻ ላይ ሁለቱም እግሮች በግራ በኩል ናቸው። ቀኙ ከኮርቻው ፊት ብቅ ያለውን ቀንድ ያቅፋል፣ ግራው እርካቡን ይረግጣል፤ በፈረሱ ቀኝ በኩል እግር ስለሌለ ሥራውን በቀኝ እጅ የተያዘች ቀጭን በትር ትሠራለች። በመጀመሪያው ሰሞን ከመቀመጥ መውደቁ ይበዛ ነበር። አባታቸውም አጥር ላይ ሆነው፣ «ተነሺ እንጂ! መሬቱን ምን አቅፈሽ ትስሚዋለሽ!» ይሏቸው ነበር። ተነሡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንደሩ ውስጥ የሚጥላቸው ፈረስ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ወንዶቹን ባዩ ቁጥር «እነዚህ ፈረስ ላይ ለመቆየት ሁለቱም ጎን ያስፈልጋቸዋል፤ እኔ አንዱ ይበቃኛል» ማለት ልማዳቸው ሆነ።

በ1967 በዚህ በከተማችን የፈረሰኞች ማኅበር ሜዳ የስምንት ሴቶችን ቡድን መሠረቱ። ቀሚሱን ራሳቸው ከአንድ ጣቃ ቆርጠው ሰፉ፤ ሽንሽኑ እስከ ቦት ጫማው የሚወርድ፣ አንገቱ ድፍን፣ ከወገብ ጀርባ ትልቅ ጥብጣብ የሚታሰርበት፣ ከላይ ሰፊ ባርኔጣ። ቀሚሱን ይወዱት ነበር፤ ቀሚሱን ብቻ የሚወዱትን ግን አይወዱም ነበር። ፎቶ ለመነሣት የምትመጣ ልጅ ካዩ፣ «አንቺ፣ ፈረሰኛ ነሽ ወይስ የሠርግ ኬክ?» ብለው ከሜዳው ያስወጧት ነበር።

በ1971 ከፈረስ ጫማ ሠሪው፣ የማኅበሩም አባል ከነበሩት ከዶን ላሳሮ ኢኒጌስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አምፓሮን፣ ክሬሴንሲዮንና ኦፌሊያን ወለዱ። የስምንቱን ሴቶች የውስጥ ቀሚስ በአሚዶ ነክረው እንጨት እስኪመስል የሚያደርቁት ዶን ላሳሮ ነበሩ። ወንዶቹ በአጥሩ ሲያልፉ፣ «ላሳሮ! የራስህንስ መቼ ታሰጣለህ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይዞሩ፣ «እናንተማ አሚዶ ውስጥ ብታድሩም ቀጥ አትሉም!» ይሉ ነበር።

በ1974 በክልሉ ውድድር ላይ ስምንቱ ሴቶች ለልብስ ፍተሻ ተሰለፉ። ስምንት ፈረሶች እየጋለቡ ክንድ በማይሞላ ክፍተት ሲተላለፉ ዳኞቹ ከሩቅ ሆነው ነው የሚያዩት፤ ቀሚስ ለማየት ግን ይቀርባሉ። የዚያን ቀን ፈታሹ ዶን ኤፒታሲዮ ሩዋልካባ ነበሩ፤ ያኔ ወጣት፣ ጢማቸው ገና ለመብቀል የሚያመነታ። የዶኛ ኤርሜሊንዳን ቀሚስ ጠርዝ በዱላቸው ጫፍ ከፍ አደረጉና «አሚዶው ለስልሷል» አሉ። ዶኛ ኤርሜሊንዳም፣ «እስቲ አሁን ደግሞ ጌታው ሱሪዎን ከፍ ያድርጉልኝና ካልሲዎን ልይ» አሏቸው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዶን ኤፒታሲዮ ሱሪያቸውን አላነሡም፤ የቡድኑን ነጥብ ግን ቀነሱ። ካልሲያቸው ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ ባይታወቅም ሰው ሁሉ ይገምታል። ዶን ኤፒታሲዮን በዚህ ጽሑፍ አንቱ የምንላቸው ዕድሜያቸውን አይተን እንጂ ሥራቸውን አይተን አይደለም።

በ2009 ዶን ላሳሮ ዐረፉ። የማኅበሩ አባል ሲሞት አስከሬኑ በረጅሙ መግቢያ፣ ወንዶቹ እየጋለቡ በሚገቡበት በዚያ በር ገብቶ ሜዳውን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረሱም ይከተለዋል። ለዶን ላሳሮም ይኸው ተደረገ። ሲያበቃ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ያን ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የነበሩትን፣ አሁንም የሆኑትን ዶን ኤፒታሲዮን፣ «እኔም ስሞት በዚሁ በር ነው የምገባው» አሏቸው።

«ዶኛ፣ እሱ የፈረሰኞች ክብር ነው። እናንተ የበዓላችን ጌጥ ናችሁ» አሏቸው።

«ጌጥ? ከናንተ መካከል ፈረስ አንደርድሮ በኖራው መስመር ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ስንት አለ?»

«እርስዎ በዚያ ኮርቻ፣ በዚያ ቀሚስ ያቁሙና በሩን በገዛ እጄ እከፍታለሁ!»

ይህን የተናገሩት ለቀስተኛ በሞላበት ነው። ሰው ሰምቷል፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ በከተማው በዓል ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ፓሎማ በምትባለው ባዝራቸው ላይ ወጡ። ከረጅሙ መግቢያ ጫፍ፣ በውስጥ በኩል ከተዘጋው በር ሥር ለቀቋት። ፓሎማ መሐል ሜዳ ስትደርስ በኋላ እግሯ ቁጢጥ ብላ አሸዋውን እያረሰች ተንሸራተተችና በኖራ ከተሰመረው አራት ማዕዘን ውስጥ ቀጥ አለች። ባርኔጣቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዶን ኤፒታሲዮ ግን ወርደው በፈረሷ ዙሪያ ዞሩ፤ ከዚያ ከዶኛ ኤርሜሊንዳ ጀርባ ቆመው፣ «ያሳዝናል፤ ጥብጣቡ ተፈቷል። ልብስ ከጎደለ ግልቢያው አይቆጠርም» አሉ። አንዲት ሴት ያንን ሁሉ ስታደርግ እሳቸው ያዩት ጥብጣብ ነው። በሩም ሳይከፈት ቀረ።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ከዚያ በኋላ አልለመኑም፣ አልከሰሱም። የከተማውን ሴት ልጆች ማስተማር ቀጠሉ። ዛሬ ከውጭ በፈረስ ላይ ሆነው የሚጠብቁት ስምንት ሴቶች ሁሉም እሳቸው ያሠለጠኗቸው ናቸው።

በ2022 የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፈረስ አይሞከርም ሲላቸው፣ «አንተ ሞክረህ ታውቃለህ?» አሉት። አልጋ ላይ ሆነው የመጨረሻ ቀሚሳቸውን ሰፉ። ጥብጣቡን አላሰሩትም፤ ኮርቻ በሚሰፋበት በሰም በተቀባ ክር ከወገቡ ጋር ጠቅመው ሰፉት፤ ያውም ከፊት። ልጃቸው አምፓሮ «እማማ፣ ደንቡ ከጀርባ ነው የሚለው እኮ» ቢሏቸው፣ «ልጄ፣ በጀርባዬ ነው የምተኛው። ሰውዬው ያየው ዘንድ ነው» አሏቸው።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ንጋት ላይ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና ከእሳቸው በቀር ማንንም አልቀበልም የምትለውን አሮጊቷን ፓሎማን ትተዋል።

ትናንት ልጃቸው ክሬሴንሲዮ የረጅሙን መግቢያ ቁልፍ ሊለምኑ ዶን ኤፒታሲዮ ቤት ሄደው ነበር። «ታላቅ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው። በትንሿ በር ይግቡ» ተባሉ። ክሬሴንሲዮ ጨዋ ሰው ናቸውና «እሺ» ብለው ተመለሱ። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን እሺ አላልንም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ተነቦ ሲያበቃ አስከሬኑ የሚሄደው ወደ ረጅሙ መግቢያ ነው። በሩ ከተዘጋ እዚያው ቆመን እንጠብቃለን። ፈረሶቹ ውኃ ጠጥተዋል፤ እኛም በልተናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቁልፍ ያዥ ከሌለበት ደጅ ያግባልን፤ እኛንም ያጽናን። ለመጣችሁ ሁሉ እናመሰግናለን፤ ዶን ኤፒታሲዮን ጨምሮ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉም በሰደርያቸው ኪስ ነው። ሳጥኑ እስካሁን አልተከደነም። ጥብጣቡ ከፊት ነው። ይምጡና ይሳቡት።