ላሟን አየኋት

ለውድ አባቴ ለአቶ ሀቢሶ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ሶፎንያስ ወንድሜ፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ የሚያሳፍረኝንም እንዳትዘል።

አባዬ፣ የምጽፈው ለማመስገንም ይቅርታ ለመጠየቅም ነው። ኅዳር ላይ ዕቁብ ሲደርሰኝ፣ ሱቄ በስድስት ወር የሚያስገባውንና የሚያወጣውን በወረቀት ገምቼ ፎቶውን ልኬልዎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምክር ፈልጌ አይደለም፤ ልኩራራብዎ ነው። ባለ ሁለት በር ትልቅ ፍሪጅ ልገዛ፣ ዕቁቡም በሙሉ እዚያው ላይ ሊያልቅ፣ ሽያጩም ከወር ወር ሊጨምር! እርስዎ ግን ሶፎንያስ አንብቦልዎ ሲያበቃ «ላሟን አየኋት። ድርቆሹ የት አለ?» ብለው ላኩብኝ።

ተናደድኩ። የምኖርበትን ዳቬይተንን ያላየ ሰው እዚህ ስፓዛ ስለሚሉት የሰፈር ሱቅ ምን ያውቃል ብዬ ሳምንት ሙሉ አልደወልኩም።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሊና የሒሳብ ባለሙያ ናት። እንድታዝንልኝ ብነግራት ሳቀችብኝ። «ፍሪጁ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ነው፤ ዳቦና ወተት ገዝተሽ፣ ሸጠሽ፣ መልሰሽ የምትገዢበት ገንዘብ ግን የሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ እሱ ወረቀትሽ ላይ የለም፤ አባትሽ ልክ ናቸው» አለችኝ። የኔ ነገር! የዕቁቡን የየሳምንት መዋጮ እንኳ ረስቼው ነበር።

ያን ጊዜ ላማችን ቡሬ ትዝ አለችኝ። በበጋ የምትበላው አጥታ፣ አጥንቷ ወጥቶ በግማሽ ዋጋ የተሸጠች ቀን፣ በረቱ ውስጥ ብቻዎን ሲያለቅሱ አይቼዎታለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ያገለገለ ትንሽ ፍሪጅ ገዛሁና የቀረውን ለዕቃ መግዣ አስቀመጥኩ። የዚህ አገር ገና እንዳለፈ የሰው ኪስ ባዶ ሆነ፤ ገበያው ቀዘቀዘ። ጀፕስታውን የሚባለው ሰፈር ያለው ዕቃ አከፋፋዬም ዱቤ ከለከለኝ። እንደ ወረቀቴ ቢሆን ኖሮ ሱቄን ዘግቼ ነበር። ባስቀመጥኩት ገንዘብ እጅ በእጅ እየከፈልኩ ዕቃ አመጣሁ፤ መደርደሪያዬ አንድ ቀን አልጎደለም። አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ «አንቺ ጋ ዳቦ አይጠፋም፤ አይጥፋብሽ» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱ የእርስዎ ነው፤ እግዚአብሔር ያቆይልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እህቴ ደስታነሽ ከነልጆቿ ሰላም ትሁን። አንተም ሶፎንያስ፣ ስላነበብክ ተባረክ።

አባዬ፣ ሶፎንያስ ሰኞ ከባንክ የሚያወጣው ገንዘብ የላም መግዣ ነው። በዛ ብለው አይመልሱት፤ ድርቆሹን ጨምሬበት ነው።

ልጅዎ ፍሬገነት
ዳቬይተን፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.