ያልነዳሁት ፍጥነት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ። አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬስ መነጽሯን አሠራች ወይስ እስካሁን የእርስዎን እየነጠቀች ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን አርሯል።

ታናሽ ወንድሜ ወረቀት ልኮልዎታል አሉ። ‘የቢሮ ነገር ነው፣ ዝም ብለው ይፈርሙበት’ ብሎዎታል። እባክዎን ይህን ሳያነቡ እስክሪብቶ አያንሱ። ወረቀቱ የሚለው፣ ባለፈው ወር ልጅዎን ሊጠይቁ መጥተው የእሱን መኪና ያከነፉት እርስዎ እንደሆኑ ነው። እርስዎ እኛ ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመት አልፎዎታል!

እዚህ በፍጥነት የነዳ ሰው ከገንዘቡ ሌላ ነጥብ ይያዝበታል። አሥራ ሁለት ሲሞላ መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ይነጠቃል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ዘጠኝ ነጥብ የደረሰ ሰሞን እንቁላል የጫነ ይመስል ይነዳ ነበር፤ ለእግረኛ ቆሞ ‘እለፉ እናቴ’ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በቃ፣ ልጁ ሰው ሆነ ብዬ አመንኩ።

ለካ መላ እስኪያገኝ ነው። ዕቃ የሚያደርስበት ድርጅት ውስጥ ሾፌሮቹ የመንገድ ካሜራ ሲይዛቸው፣ ካሜራው የሚያነሳው ታርጋውን ብቻ ስለሆነ፣ ዘበኛውን ‘የነዳሁት እኔ ነኝ’ ብሎ እንዲፈርም ያደርጉታል። ሰውዬው መንጃ ፈቃድ አለው እንጂ ለመጨረሻ ጊዜ መሪ ከጨበጠ ሃያ ዓመቱ ነው። ይኸው በወረቀት ከከተማው ሁሉ ፈጣኑ ሾፌር ሆነና ‘ሮኬቱ’ ብለው ስም አወጡለት። የእሱ ነጥብ ሲሞላ ወደ ዘመድ ዞሩ። ያቅለሸልሻል አባባ።

ይበልጥ የሚያስጠላኝ ግን የገዛ እጄ ነው። ከሦስት ወር በፊት ‘እህት ዓለም፣ ከሥራ መባረሬ ነው፣ አንዴ ብቻ’ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አንጀቴ አልችል አለና ፈረምኩ፤ እኔ፣ የተማሪ አውቶቡስ የምነዳው! ባልፈርም ኖሮ ፈቃዱን ተነጥቆ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። በፈረምኩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ልብስ ሰፊዋን ገጫት። የካፖርትዎን ገበር የቀየረችልዎት ሴትዮ ናት።

ነፍሷ ተርፋለች። የተሰበረው ግን የልብስ ስፌት መኪናዋን የምትረግጥበት እግሯ ነው። ሆስፒታል ስጠይቃት አልጋው ላይ ሆና ቁልፍ ትተክላለች። ‘ወንድምሽ አልተጎዳም አይደል?’ ብላ ጠየቀችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እሱ ደግሞ ‘ዘላ ገባችብኝ’ ብሎ ተከራከረ፤ ክሱ እስኪታይ አሁንም ይነዳል። ባለፈው ወር ካሜራው የያዘው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለእርስዎ የላከው ይህን ነው።

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው አንድ ጥፋት ያልተጻፈበትን ፈቃድዎን ለዚህ አይስጡ። ቢያለቅስም አይስጡት። እኔም ያሳሳተኝ እንባው ነው።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ፣ ለታላቅ እህቴና ለባሏ፣ ለመንትዮቹም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጫማቸው ስንት ቁጥር እንደደረሰ ይጻፉልኝ። ወንድሜ አኩርፎኛል፣ ሰላምታም አልላከም።

ይህን የምጽፈው ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። የኔ ፊርማ ውሸት እንደነበር ልናገር መጥቻለሁ። አውቶቡሱን ይነጥቁኝ ይሆናል፤ ይንጠቁኝ። ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል።

ልጅዎ
ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ሦስት ፊት ካለው አግዳሚ
ኅዳር 9 ቀን፣ ጠዋት