የአንዲት ኦቾሎኒ ሙቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

እንደ ሁልጊዜው ሰኞ። ሦስተኛው ፔሬድ ኬሚስትሪ። ጥግ ላይ ያለችው ወንበሬ ግን... ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለችም። ቲቸር ለላብራቶሪ ሥራ ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩን። እኔን ከማን ጋር? ከራዲዮ ጋር!

ራዲዮ ያልናት ዝም ስለማትል ነው። ከዘበኛው ጋር ታወራለች። ከጽዳቷ ጋር ታወራለች። ፈተና ላይ ከራሷ ጋር ታወራለች። እኔ ደግሞ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ጉሮሮዬን እስክጠርግ ቲቸር ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ።

የምንማረው ካሎሪሜትሪ ነው። አንድ ነገር ሲነድ የሚወጣውን ሙቀት ውሃ እንዲቀበለው አድርጎ መለካት። ቲቸር ቀሚሳቸው ላይ የተበተነውን ጠመኔ እያራገፉ፣ «ሙቀትን አይቶ የያዘ የለም። ውሃው ግን ይመሰክራል» አሉ። እንዴት ያለ አባባል ነው! ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ስንወጣ ራዲዮ ጠጋ አለችኝ። «ስሚ፣ ባለፈው ፈተና ወድቄያለሁ። በዚህ ላብ ካልተነሳሁ ከሳይንስ ክፍል ያወጡኛል። ከወጣሁ ደግሞ ፋርማሲ የሚባል ነገር አለቀልኝ። ጉድ እንዳታደርጊኝ!»

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። መነቅነቅ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ግቢው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቴርሞስ!» ብላ ጠራችኝ። ቅጽል ስም አወጣችልኝ። «ውጭሽን የነካ ቀዝቃዛ ነሽ ይላል። ውስጥሽ ግን ትኩስ ነገር አለ።» ማን ነገራት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዛሬ አቃጠልን።

ሦስት ፍሬ ኦቾሎኒ ተሰጠን። ሁለት ቀረ። አንዷን ራዲዮ በላቻት። «ምን ታዪኛለሽ? ካሎሪዋን በሆዴ እየለካሁ ነው።» ሳቄን በእጄ አፈንኩት።

አንዷን መዘንናት፤ ዜሮ ነጥብ ስድስት ግራም። መርፌ ላይ ሰክተን ከጣሳው ሥር አቆምናት። ጣሳው ውስጥ መቶ ግራም ውሃ። ክብሪት ጫርን። መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፣ ከዚያ ነደደች... ያቺ ሚጢጢ ነገር! ረጅም ቢጫ ነበልባል። የጣሳው ቂጥ በጥቀርሻ ጠቆረ። ወደ ጎን ስታዘነብል ራዲዮ ላስተካክላት ብላ ጣቷን ተለበለበች። «ወይኔ ጣቴን!» አለች። መርፌውን ግን አልለቀቀችም።

ቴርሞሜትሩን ማን ያንብብ ሲባል ቲቸር ወደኔ ጠቆሙ። «እሷ ታንብብ። ዝምተኛ ዓይን አላት።»

ዝምተኛ ዓይን። ቤት እስክደርስ ይህን ቃል እንደ እንቁላል ይዤው ሄድኩ።

ውሃው ከ21 ተነስቶ 35 ደረሰ። አሥራ አራት ዲግሪ ወጣ።

ራዲዮ መሃል ላይ፣ «ቲቸር፣ ግን ለምን ውሃ? ለምን ዘይት አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። ሞኝ እባላለሁ ብላ አትፈራም። ቲቸር እኮ ወንበር ስበው ቁጭ አሉላት! ያ ጥያቄ እኔም ጋ ነበር። ሆዴ ውስጥ። ከሆድ እስከ አፍ ያለውን መንገድ እንዴት ነው የምታቋርጠው?

እሁድ፣ ኅዳር 9

አርብ ዕለት ራዲዮ ስሌቱን ሠርታ ሰጥታኝ ነበር። ነገ ክፍል ፊት የምታቀርበው እሷ ናት። ዛሬ ቁጭ ብዬ አየሁት። የውሃው ግራም ሲባዛ በ4.18 (አንድ ግራም ውሃ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው ጁል)፣ ሲባዛ በሙቀቱ ለውጥ። እስከዚህ ጥሩ። ለውጡ ላይ ግን 273 ደምራለች። 14 ሲደመር 273፣ 287።

ቲቸር «ወደ ኬልቪን ስትቀይሩ 273 ደምሩ» ብለው ነበር እኮ። ታዲያ ምኑ ነው የቆረቆረኝ?

እማ ከጎኔ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ወረቀት ላይ ሞከርኩ። 21 ላይ 273 ስደምር 294። 35 ላይ ስደምር 308። ሲቀናነሱስ? 14! ያው 14! እኔና እማ ሁለታችንም ወንበር ላይ ብንወጣ የምትበልጠኝ ቁመት ያው ነው። አይጨምርም። ለውጡ ላይ መደመር ግን እማን ብቻዋን ጣሪያ ላይ እንደ መስቀል ነው።

ብድግ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እማ።

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ለማን አስቀምጠሽው ነው?»

በእማ ስልክ ለራዲዮ መልእክት ጻፍኩ። አጠፋሁት። ደግሞ ጻፍኩ። ደግሞ አጠፋሁ። የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ? እሷ ናት ወይስ እኔ? ነገ በጠዋት በአፌ እነግራታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

አልነገርኳትም። በጠዋት ሄጄ ነበር። እሷም ነበረች። ግን ልጆች ከበዋት እየሳቁ ነበር። ከክቡ ውጭ ቆምኩ። ተደወለ።

ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው። 119,966 ጁል። «ከአንዲት ኦቾሎኒ!» አለች፣ ኩራት በኩራት ሆና።

ፊት የሚቀመጠው፣ ፕሮፌሰር የምንለው ልጅ፣ ዞሮ ክፍሉን አየ። «እንግዲህ ኦቾሎኒ ሻጭ ጋ ክብሪት ይዛችሁ እንዳትጠጉ! ሰፈር ያልቃል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራዲዮም አብራ ሳቀች። ዓይኗ ግን ቁጥሮቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ቲቸር አልሳቁም። «ስህተቱን አሁን ካገኛችሁት ነጥባችሁ አለ። ካላገኛችሁት የለም።»

ፋርማሲው... አለቀላት ማለት ነው።

ተነሳሁ። የተነሳው እግሬ ነው እንጂ እኔ አላዘዝኩትም። «ልዩነት ነው...» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ራዲዮ ሰማች! በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል!

«ዝም በሉ! ቴርሞስ ተከፈተች!»

ሰሌዳው ጋ እንዴት እንደ ደረስኩ እንጃ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። 294። 308። ቀነስኩ። 14። «ሁለቱም ላይ እኩል ከተደመረ... ልዩነቱ ያው ነው። 273ቱ አያስፈልግም።» ያልኩት ይችኑ ነው።

ራዲዮ አላንገራገረችም። ያንን ሁሉ ቁጥር በክንዷ ጠረገችው። እጅጌዋ ነጭ ሆነ። 5,852 ብላ ጻፈችና ወደ ክፍሉ ዞረች። «ሰፈር ላቃጥል ስል ያተረፈቻችሁ ይቺ ናት!» ሰው ስህተቱ ፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል? እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ነበር የምለው።

ፕሮፌሰር መቼ ይለቃል። «አሁንም ልክ አይደለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ከዚህ ከእጥፍ ይበልጣል።»

«ቀሪው ሙቀት የት ሄደ?» አሉ ቲቸር።

«አየሩ ወሰደው፣ ጣሳው ወሰደው...» አለች ራዲዮ። ከዚያ የተለበለበች ጣቷን አነሳች። «ትንሽ ደግሞ እዚህ አለ።»

ቲቸር ሳቁ። ሲስቁ ልጅ ይመስላሉ።

ኮሪደሩ ላይ አቀፈችኝ። «ግን መቼ አወቅሽው?»

«ትላንት።»

እጇ ከትከሻዬ ወረደ። «ትላንት? ትላንት አውቀሽ ዛሬ ሰው ፊት አስቆምሽኝ?»

ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ለዘበኛው ሰላም አለች። ለጽዳቷ አለች። ለኔ ራዲዮው ተዘግቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ውጤት ተለጠፈ። አልፈናል! ከሳይንስ ክፍል አትወጣም! መጮህ አማረኝ... ከማን ጋር? ከሩቅ አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ታያለች። ዞር ብላ የፈለገችኝ መሰለኝ። መሰለኝ እንጃ።

ደስታም ለብቻ አይዋጥም ለካ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ምሳ ሰዓት ላይ ቧንቧው ጋ ብቻዋን አገኘኋት። ካሰብኩበት አልናገርም ብዬ ሳላስብ ሄድኩ።

«እሁድ ልነግርሽ ጽፌ አጠፋሁት። አንቺ ትሳሳቻለሽ ብዬ... አላመንኩም።»

«ኧረ ባክሽ! እኔ? እኔ ስሳሳት አይደል የምውለው?»

«ሰኞም ጠዋት መጥቼ ነበር። ከሰዎቹ ጀርባ...»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

ዓይኗ ፈጠጠ። የኔም።

«ሰው ሰብስበሽ ስታወሪ መግቢያ የለሽም! እኔ በየት በኩል ልግባ?»

ዝም አለች። ራዲዮ ዝም አለች! ቧንቧው ብቻ ይንጠባጠባል። ጨረስኩት፣ አሁን ለዘላለም ጠላችኝ ስል... እጇን ውሃ ሞልታ ፊቴ ላይ ረጨችኝ።

«መሃሉን ሰንጥቀሽ ግቢ። ሌላ ጊዜ እያወቅሽ ዝም ብትዪኝ ግን አልምርሽም።»

እንደ እርጥብ ድመት ሆኜ ክፍል ገባሁ። ሁሉም አዩኝ። ይዩኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ሳምንት አልጻፍኩም። ጊዜ የለኝም፤ ወሬ በዛብኝ።

ቲቸር ከትምህርት በኋላ ላቡን ፈቀዱልን። የሚያመልጠውን ሙቀት እንያዘው ብለን ጣሳውን ዙሪያውን በፎይል ሸፈንነው፣ ክዳንም ሠራንለት። ሌላ ኦቾሎኒ፣ ያው ዜሮ ነጥብ ስድስት ግራም። ያው መቶ ግራም ውሃ። 20 ላይ ነበር። ወጣ... ወጣ... 42 ላይ ቆመ። ሃያ ሁለት ዲግሪ! ባለፈው እኮ አሥራ አራት ነበር!

«አርባ አራት!» አለች ራዲዮ ከላይ ቆማ።

«አርባ ሁለት ነው።»

«እሺ አርባ ሦስት በይውና እንታረቅ።»

«ገበያ ነው እንዴ? አርባ ሁለት!»

«ቴርሞስዬ፣ መጽሐፉ ጋ እንድንደርስ ትንሽ ብትጨምሪ ምን አለበት...»

«አልጨምርም! ዝቅ ብለሽ እዪ! ከላይ ሆነሽ አይነበብም አልኩሽ እኮ!»

ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። የማን ነው ብዬ ልዞር ምንም አልቀረኝም።

በሩ ተከፈተ። ቲቸር ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ምንድን ነው? ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

ራዲዮ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።