ድምፅ የሌላት መኪና

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት።

በወር ኪራይ የኤሌክትሪክ መኪና ወሰድኩ፤ እንደ ስልክ ማታ ማታ የምትሰካ። ዛሬ ልረከባት ስሄድ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ከኋላ አስቀምጬያት መኪናዋን አስነሳሁ።

"ምነው፣ አልነሳ አለችሽ?" አለችኝ።

ተነስታ ነበር። እማዬ ሰሞኑን በር ሲንኳኳም ዝም ትላለች፤ ጆሮዋ ደከመ ብዬ ሰጋሁ። አከራዩ ግን በመስኮቱ አጎንብሶ ሳቀ። "ማዘር፣ የዚችን ድምፅ እኔም ሰምቼው አላውቅ!"

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነትም ጭጭ።

መንገድ ላይ ለራሴ በሹክሹክታ "ተመስገን" አልኩ።

"ምን አግኝተሽ ነው?" አለች ከኋላ።

ጆሮዋስ ደህና ነው፤ ስትደውልላት መጮህ የለብህም። ብቻ ስልኩን ወደ አፍህ ጠጋ አድርገው።

ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ።
እህትህ